አራተኛው ወንበር

ኅዳር 11

የጆቴ እናት ልብሱንና ፍራሹን ሊወስዱ መጡ። አዴ ጉዲቱ ይባላሉ፤ አዴ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ አገራቸው ከመልካሳ ወዲያ ነው። በምችለው ኦሮምኛ አናገርኳቸው። ሰው ሲያዝን የሚባለው ነገር ቶሎ አይመጣልኝም። ዛሬም አልመጣልኝም።

ልጃቸው የእኔን የጓሮ ክፍል ከወዬሳና ከፈሪድ ጋር ተከራይቶ ነበር። ሦስቱም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ፊዚክስና ሒሳብ ነው የሚማሩት። በጥቅምት፣ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ማታ፣ ላንጋኖ ሄደው ጆቴ ሐይቁ ውስጥ ገባ። አልወጣም። ኋላ ዓሣ አጥማጆች አስከሬኑን አገኙት።

"የት ነበር የሚቀመጠው?" አሉኝ። ቀዩን የፕላስቲክ ወንበር አሳየኋቸው። ትኩሳት የያዘውን ልጅ ግንባር እንደሚነኩ ሁሉ መቀመጫውን በመዳፋቸው ነኩት። ከዚያ ወዬሳን አዩት። "ልጄ በማታ ውሃ ውስጥ ምን ፈልጎ ነው የገባው?" አሉ። ወዬሳ መሬት መሬት አየ።

ፈሪድ አልነበረም። ሴትየዋ ከወጡ በኋላ ከመጸዳጃ ቤቱ ሲወጣ አየሁት። እስኪሄዱ ድረስ እዚያ ቆሞ ነበር።

ኅዳር 13

የምሸጠው ቆሎ አረረብኝ። ግማሹን ጣልኩ። ዛሬ ማታ አልጽፍም፣ ደክሞኛል።

ኅዳር 18

ዛሬ ረጅም ነው።

የእኔን ክፍልና የልጆቹን ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። አልጋዬን ወደዚያ ግድግዳ ያስጠጋሁት በመስኮቱ በኩል ንፋስ ስለሚገባ ነው።

ከእራት በኋላ ሜቲ የምትባል አብራቸው የምትማር ልጅ ከተማሪዎች ማደሪያ ትመጣለች፤ የዩኒቨርሲቲው በር ሳይዘጋም ትመለሳለች። ከዚያ በፊት ግን ይከራከራሉ። ሕግ አላቸው። አንዱ ሐሳብ ያመጣል፣ ሌላው ያስረዳል፣ ሦስተኛው ይጽፋል። የአራተኛው ሥራ እምቢ ማለት ነው። አራተኛው "ተስማማሁ" ካላለ ነገሩ አላለቀም፤ በማግስቱም እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ያ ቦታ የጆቴ ነበር። እምቢ ማለት ተሰጥኦው ነበር። ጥላ ክብደት እንደሌለው እሱን ለማሳመን አንድ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ፈጅቶባቸዋል። ሳቄ እንዳይሰማ በዚህ በኩል ብርድ ልብሱን ነክሼ ነበር።

የሚሉት ነገር ለእኔ ግማሽ በግማሽ ነው የሚገባኝ። ፊደል የቆጠርኩት ቆሎ ከምጠቀልልበት ወረቀት ነው። ወረቀት ነጋዴው አሮጌ መጽሐፍና ፈተና በኪሎ ያመጣልኛል፤ ቆሎ ሳልጠቀልልበት በፊት አነበዋለሁ። ጥያቄው አለ፣ መልሱ ያለበት ገጽ ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ጋ ሄዷል። እነዚህ ልጆች ከመጡ ወዲህ ነው ከመልሱ ጋር የተገናኘሁት።

ጆቴ ከሞተ ጀምሮ ዝም ብለው ነበር የሚያጠኑት። ዛሬ ጀመሩ። ስለ ሞገድ ነው።

"ሐይቅ ላይ ሞገድ ሲሄድ ውሃው አይሄድም" አለ ወዬሳ። "ውሃው እዚያው ከፍ ዝቅ ይላል። የሚሄደው ቅርጹ ነው።"

"ተስማማሁ" አለች ሜቲ።

"ተስማማሁ" አለ ፈሪድ።

ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

"ቆይ፣ ቆይ አቦ!" አለ ሌላ ድምፅ። "የሚሄደው ቅርጹ ከሆነ፣ አንዱ ውሃ ሲቀር ሌላው ውሃ ይቀበለዋል ማለት ነው። ታዲያ ያው ሞገድ ነው ወይስ ሌላ?"

"ቆይ፣ ቆይ አቦ" የሚለው ጆቴ ነው። መጨረሻው ላይ የምትቀጥነዋ ድምፅም የእሱ ናት።

ተነስቼ መብራት አበራሁ።

ኅዳር 19

ጠዋት ወዬሳ ከቧንቧው ውሃ ሲቀዳ አገኘሁት። "አካም ቡልተኒ፣ አዴ ሽታዬ" ብሎ እንደወትሮው እንዴት አደሩ አለኝ።

"ማታ እንግዳ ነበራችሁ?"

"የለም፣ አዴ። ፈሪድ ነው።" ጀሪካኑን አስቀመጠ። "ወንበሩ ባዶ ሲሆን ምንም ነገር አያልቅልንም። ስለዚህ ጆቴ ቢሆን ምን ይላል ብለን እንጠይቃለን። ፈሪድ ይመልሳል።"

"በእሱ ድምፅ?"

"ሆን ብሎ አይመስለኝም" አለ።

ገባኝ። ልጆች ናቸው፤ የጓደኛቸው ነገር አልወጣላቸውም። ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ኅዳር 26

ዛሬ ምን እንዳከራከራቸው ገባኝ። ላንጋኖ ላይ ያልጨረሱትን ክርክር ነው።

ጨረቃ ውሃ ላይ ስትወጣ የብርሃን መንገድ ትዘረጋለች። መንገዱ የሚያልቀው ከተመልካቹ እግር ሥር ነው። ሁለት ሰዎች ተራርቀው ቢቆሙ እያንዳንዱ መንገዱ ወደ እሱ ሲመጣ ያያል። ወዬሳ፣ ነገሩ የመስመርና የማዕዘን ጉዳይ ስለሆነ ወረቀት ላይ አልቋል ይላል።

"ወረቀት ላይ ያለቀ ሁሉ አልቋል?" አለ አራተኛው። "ወደ ውሃው የገባ ሰው መንገዱን ይዞት ይሄዳል። ግራ ቢዋኝ ግራ፣ ቀኝ ቢዋኝ ቀኝ። ዳር ላይ የቆመው ግን እዚያው የራሱን ያያል። አሁን ንገሩኝ፣ ውስጥ ያለው ሰው ከመንገዱ መውጣት ይችላል?"

"ፈሪድ፣ በቃ" አለች ሜቲ።

"ተስማማሁ አላልኩም" አለ ድምፁ።

ጥያቄው ቆንጆ ነው። ለምን እንደሚያስፈራኝ አላውቅም።

ታኅሣሥ 3

ፈሪድ ሻይ ሊጠጣ ወደ እኔ መጣ። የሻሸመኔ ልጅ ነው፤ አባቱ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። ተጫዋች ነበር። "ማዘር፣ ቆሎሽ ጥርስ ሐኪም ያስፈልገዋል" እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ዛሬ አላሾፈም። ቤተሰብ ለመጠየቅ ሻሸመኔ እንደሚሄድ ነገረኝ።

ስኳር አራት ማንኪያ ጨመረ። ፈሪድ ሻይ የሚጠጣው ያለ ስኳር ነበር። አራት ማንኪያ የሚጨምረው ማን እንደነበር አውቃለሁ፤ ስኳሩን እደብቅበት ነበርና።

ምንም አላልኩም። የሰው ልጅ ስኳር ቢወድስ ምን አገባኝ።

ታኅሣሥ 8

ፈሪድ ከሻሸመኔ ተመለሰ። ሱሪውን ሲያጥብ ከሳፋው የወጣው ውሃ ቀይ ቡናማ ነው። እስከ ወገቡ ድረስ ነው የቆሸሸው፤ ልክ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

"ሻሸመኔ ዘነበ እንዴ?" አልኩት።

"አዎ፣ ማዘር።"

በታኅሣሥ! የላንጋኖን ውሃ ቀለም አውቀዋለሁ፤ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከትናንት በስቲያ ደግሞ ጨረቃ ሙሉ ነበረች።

እስከ ወገቡ ነው የገባው። ተመልሷል። ከተመለሰ ምን ልበለው?

ታኅሣሥ 14

ገበያ። ወገቤን አሞኛል። ድምፁ ዛሬም ነበር።

ታኅሣሥ 20

መሬት ተንቀጠቀጠች። በአዋሽ በኩል ነው ይላሉ። ከእራት በኋላ አምፖሉ መወዛወዝ ጀመረ፤ ሁላችንም ወደ ግቢው ሮጥን። ወዬሳ አንድ እግሩን ብቻ ጫማ አድርጓል፣ ሜቲ እስክሪብቶ እንደያዘች ናት፣ ፈሪድ ከኋላ ቀስ ብሎ ወጣ። ጎረቤት ሁሉ ይጮሃል።

መንቀጥቀጡ ቆመ። አራታችንም ውጭ ነን። ያኔ ከክፍላቸው ውስጥ ወንበር ሲጎተት ሰማን።

"መንቀጥቀጡ ነው" አለ ወዬሳ።

"ቆሟል እኮ" አለች ሜቲ።

ፈሪድ ፈገግ ብሎ ነበር። ከበሩ ላይ ሆኜ ወደ ውስጥ አየሁ። ቀዩ ወንበር ከጠረጴዛው ሸሽቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ወደ እኔ ግድግዳ።

አልጋዬን ዛሬ ማንቀሳቀስ ነበረብኝ። ከባድ ነው፣ ብቻዬን አልችለውም።

ታኅሣሥ 24

ሜቲ ቆሎ ልትገዛ መጥታ ቆሎውን ሳትቀበል ቆመች። አይኗ አብጧል።

"እትዬ፣ ዛሬ አስተማሪው ስም ሲጠሩ የያዙት የድሮውን ዝርዝር ነው። የፈሪድን ስም ጠሩ፤ ዝም አለ። የጆቴን ስም ሳያስቡት ጠሩ። ፈሪድ 'አቤት' አለ።"

"ቀልዶ ይሆናል።"

"ማንም አልሳቀም።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "በመጀመሪያ ጠይቀነው ነበር የሚመልሰው። አሁን አንጠይቀውም፤ ራሱ ይናገራል። በሚቀጥለው ሙሉ ጨረቃ ሙከራውን እጨርሳለሁ ይላል። አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ካላየ አያልቅም ይላል። ቤተሰቡ ቢሰሙ ከትምህርት ያስወጡታል ብለን ፈራን። እርስዎ ቢያናግሩትስ? ያከብርዎታል።"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ?" አልኳት።

ቆሎዋን ይዛ ሄደች። በእውነት ምን አውቃለሁ? ፊዚክስ አልተማርኩም። ሐዘን ላይ እንኳ አንደበቴ አይፈታም። ያ ድምፅ ዝም ቢል ደግሞ ማታዬ ባዶ…

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም።

ታኅሣሥ 29

ገና። ፈሪድ የእኛን ሥጋ ስለማይበላ ለልጆቹ ድፎ ዳቦና እርጎ ላክሁ። ሳህኖቹ ሲመለሱ ነው ያየሁት፤ አራት አድርጌ ልኬያለሁ። ልጆቹ ሦስት ናቸው። እጄ ነው የቆጠረው።

አራቱም ባዶ ሆነው ተመለሱ።

ጥር 3

ጨረቃዋ ልትሞላ ነው። ቆሎ ቤቱን ስዘጋ ከጣሪያው በላይ አየኋት፤ ጎኗ ላይ ትንሽ ነው የቀራት።

ፈሪድ ከነገ ወዲያ ወደ ሻሸመኔ እንደሚሄድ ነግሮኛል። የክፍሉን ቁልፍ ይዤ ላቆይልህ ወይ ስለው "አንቺ ጋ ይሁን፣ ማዘር" አለኝ። ሲሄድ ቁልፍ ትቶ አያውቅም።

ነገ አናግረዋለሁ።

ጥር 4

አላናገርኩትም። ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ወረቀት ስጠቀልል ዋልኩ።

ጥር 5

ሁሉንም ልጻፈው።

ከቀትር በኋላ ጩኸት ሰማሁ። ወዬሳ ነው፤ "አትሄድም! በዚህ በር አትወጣም!" ይላል። ከዚያ ያ ቀጭን ድምፅ በእርጋታ "ቆይ፣ ቆይ አቦ፣ ገብቶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል" አለ። ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። ቀና ስል ጉንጬ ላይ የጭቃ አቧራ ነበር።

ሄድኩ። አላንኳኳሁም። ወዬሳ በሩን በጀርባው ይዟል፣ ሜቲ አልጋው ጫፍ ላይ ታለቅሳለች፣ ፈሪድ ቦርሳውን አንግቷል። ቀዩ ወንበር ባዶ ነበር። ተቀመጥኩበት።

"ማዘር፣ እሱ ላይ አትቀመጪ" አለ ፈሪድ።

"ወንበሩ የእኔ ነው" አልኩት። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። "አራተኛዋ እኔ ነኝ። አልተስማማሁም።"

ሜቲ ማልቀሷን አቆመች።

"በምኑ?" አለ ፈሪድ።

በምኑ እንደሆነ አላሰብኩበትም ነበር። "በሁሉም" አልኩ።

ወዬሳ ሳይወድ ሳቀ። "አዴ ሽታዬ፣ በሁሉም አይባልም። ምክንያት ያስፈልጋል፣ ሕግ ነው።"

"እንግዲያው ከሥሩ ያስረዳኝ። ሳያስረዳኝ መሄድ ሕግ ነው?"

ፈሪድ ቆሞ በጥድፊያ አስረዳኝ። ጨረቃ፣ ውሃ፣ ዓይን፣ ማዕዘን። አልገባኝም አልኩት። ደገመው። አልገባኝም። ቦርሳው ትከሻው ላይ እንዳለ ተቀምጦ ወረቀት ላይ ሣለልኝ። በእውነትም አልገባኝም ነበር፤ ጨረቃዋን ከሐይቁ ማዶ ያለች ጀልባ አድርጌ ነበር ያየኋት። ሜቲ "ኧረ እትዬ!" ብላ እንባዋን እየጠረገች እርሳሱን ቀማችው፤ ወዬሳ ከበሩ ተነስቶ መጥቶ የሜቲ ሥዕል ተሳስቷል አለ። ተጣሉ። የፈሪድ ስልክ ጮኸ፤ የመኪናው ረዳት ነው፣ ሊነሱ ነው። ፈሪድ ስልኩን አየና እኔን አየኝ።

"ጨረቃዋ ስንት ናት?" አልኩት።

"አንድ ናት፣ ማዘር! አንድ!"

"መንገዱስ?"

"በተመልካቹ ልክ ነው።"

"ቆይ፣ ቆይ አቦ" አልኩ።

እንዲህ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ሳላስበው ነው የወጣው። ሦስቱም አፌን አዩ። ስልኩ እየጮኸ ነበር፣ ማንም አላነሳውም።

የፈሪድ ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ በራሱ ድምፅ፣ ከኅዳር ወዲህ ባልሰማሁት የራሱ ወፍራም ድምፅ፣ "'እስቲ ገብተህ አሳየን' ያልኩት እኔ ነኝ" አለ። "ሐይቁ ዳር። እሱ እየሳቀ ነበር፣ አልገባም ብሎ ነበር። ፈርተሃል አልኩት። ወላሂ ለጨዋታ ነው። ከዚያ እናቱ መጡ፣ ምን ፈልጎ ነው አሉ። ምን ልበላቸው? ያየውን ካላየሁ ምን ልበላቸው?"

እዚህ ላይ ዐዋቂ ሰው ቢሆን ጥሩ ነገር ይናገር ነበር። ለእኔ አልመጣልኝም። "እንደገና አስረዳኝ" አልኩት። "ከጨረቃዋ ጀምር።"

ስልኩ መጮህ ተወ። መኪናው ሄዷል።

ሲመሽ ጨረቃ በገንዳ ሠፈር በኩል ወጣች። ትልቁን ሳፋ ግቢው መሐል አድርጌ በውሃ ሞላሁት። "እዚህ ሞክሩት" አልኩ። ወዬሳ "ይሄ ሙከራ አይባልም፣ አዴ፣ ሞገድ የለውም" አለ። ሜቲ በጣቷ ውሃውን አማሰለችው። ጨረቃዋ ተበጣጥሳ እየተዘረጋች ወደ እኔ መጣች። "ወደ እኔ ነው" አለ ወዬሳ። "የለም፣ ወደ እኔ" አለች ሜቲ። ፈሪድ ዙሪያውን ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። መንገዱ አልተወውም። ተንበርክኮ እጁን እስከ ክርኑ ከተተና አለቀሰ።

ሁላችንም ጎንበስ ብለን ነበር። ውሃው ሲረጋ ጭንቅላቶቻችን ታዩ፤ ቆጠርኳቸው። ስንት እንደሆኑ አልጽፍም።

ውሃውን ማንም ሳይነግረኝ ደፋሁት።

ጥር 12

ፈሪድና ወዬሳ ወደ አዴ ጉዲቱ ሄደው ተመለሱ። ፈሪድ ሁሉንም ነግሯቸዋል፤ መንገዱንም፣ ፈርተሃል ማለቱንም።

"ምን አሉህ?"

"በጥፊ መቱኝ፣ ማዘር። ከዚያ ምሳ አበሉኝ።" ጉንጩን ነካ። "ሲሸኙኝ ደግሞ 'ልጅ እያለም ጨረቃ ተከተለችኝ ብሎ ይጮህ ነበር' አሉኝ። እንዲያውም ሳቁ።"

ቦሎቄ በፌስታል ልከውልኛል። ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣ። "ቆሎሽ ዛሬም ጥርስ ሐኪም ይፈልጋል" አለኝ። ደስ አለኝ።

ጥር 17

አልጋዬን ወዬሳ አግዞኝ ወደ ሌላው ግድግዳ አዞርኩት። ንፋሱ ያን ያህል አይደለም።

ከእራት በኋላ ጀመሩ። ከዚህም ሆኜ ይሰማኛል፤ ምን ላድርግ፣ ቤቱ ጠባብ ነው። የዛሬው ስለ ኮከብ ብርሃን ነው፤ የምናየው ኮከብ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ብርሃኑ ግን ገና እየመጣ ነው ይላል ወዬሳ። ሜቲ ተስማማች። ፈሪድ በራሱ ድምፅ ተስማማ። ቀዩን ወንበር ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ቤቴ አምጥቼዋለሁ፤ አሁን የተቀመጥኩት እሱ ላይ ነው።

ጸጥ አሉ።

"እትዬ ሽታዬ ቢሆኑ ምን ይላሉ?" አለች ሜቲ።

ሳቁ። ጥሩ ሳቅ ነው። እኔም ሳቅሁ፤ ልነሳና በሩን ላንኳኳ፣ እዚሁ እኮ ነኝ ልላቸው ነበር።

ከዚያ በእነሱ በኩል ወንበር መሬት ላይ ተጎተተ። ሳቁ ቆመ። አንድ ሰው ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ጠረገ፤ አጠራረጉ የእኔ ነው።

እስክሪብቶዬን ይዤ፣ ምን እንደምል ለመስማት ትንፋሼን ያዝኩ።